እስከ ዓርብ አዲስ ከፊል

ሰኞ

ኸላስ፣ አለቀልኝ። ባባ፣ የቀጠረኝና ፈቃዴ በስሙ የሆነው ከፊሌ ማለቴ ነው፣ ምሳ በልቶ እጁን እየታጠበ "ጅዳን ለቀን ሪያድ ልንገባ ነው፣ አንቺን አንወስድም" አለኝ። እስከ ዓርብ የሚቀጥረኝ ሌላ ከፊል ከተገኘ ኢቃማዬን፣ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ ያዛውርልኛል። ካልተገኘ ትኬት ቆርጦ ወደ አገሬ። እንዲህ እንደ ዋዛ!

እናቴ አሮጌውን ቤት አስፈርሳለች። የአዲሱ ግድግዳ ቆሟል፣ ቆርቆሮ የለውም። ታናናሾቼን ይዛ ጎረቤት ተጠግታለች፣ ክረምቱም እየመጣ ነው። ባዶ እጄን ሄጄ ምን ልበላት?

ሰዓዳ ጋ ደወልኩ። የአገሬ ልጅ ናት፣ እዚሁ ጅዳ፣ ሰቢል ሰፈር ክፍል ተከራይታ በየሰዉ ቤት እየዞረች ታጸዳለች። "አታልቅሺ፣ የምትቀጥርሽ ማዳም አፈላልግልሻለሁ" አለችኝ።

ማክሰኞ

ነገ ልታየኝ የምትፈልግ ማዳም ተገኘች። ሻወር ቤት ተቆልፌ ከሰዓዳ ጋ በስልክ ተለማመድን። እሷ ማዳም ሆነች። እኔ ሓድር፣ እሺ ማለት ነው፣ እያልኩ እመልሳለሁ።

"ልብስ ትተኩሻለሽ?" "ሓድር።"

"ልጆች ትወጃለሽ?" "ሓድር።"

"ሰርቀሽ ታውቂያለሽ?" "ሓድር" ብዬ አረፍኩት!

በሳቅ ፈረሰች። ነገም እንዲህ ብቀባጥርስ?

ጥቁሩን አባያ ተኮስኩ። ጥፍሬን ቆረጥኩ። ሽቶ አይነካም። "ባሏን ልትነጥቂ የመጣሽ ይመስላታል" ብላኛለች ሰዓዳ።

ረቡዕ

አልሆነም።

ጥያቄውን ሁሉ መልሼ ነበር እኮ። ከዚያ ማዳሟ ሩዝ በዶሮ አቀረበችልኝ፣ "ብዪ" አለች። ጨዋ ልጅ ሰው ቤት ገና ብዪ ስትባል ትበላለች እንዴ? "ጠግቤያለሁ" አልኩ። ደገመችልኝ። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ እምቢ አልኩ። ሦስተኛውን ስጠብቅ ሰሃኑን አነሳችው። ፊቷ ጠቆረ። "ምግቤን የተጠየፈች ለልጆቼ ልታበስል ነው?" ስትል ለባሏ ሰማኋት። አረብኛው ይገባኛል። ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ።

ሰዓዳ ጮኸችብኝ። "አንቺ ልጅ! እስኪለምኑሽ ትግደረደሪያለሽ? ወሎ መሰለሽ?"

ወላሂ ደግሞ ርቦኝ ነበር።

ሐሙስ

ዛሬ ባባ ራሱ መካ ወሰደኝ። እዚያ ዓዚዚያ ሰፈር የሚያውቃቸው ሰዎች አሮጊት እናታቸውን የምትይዝላቸው ይፈልጋሉ። ጅዳ ስኖር መካን ረግጬ አላውቅም። የታላቁ መስጊድ ሚናራ ከሩቅ ሲታየኝ ዱዓ ላደርግ ብል "ሥራውን ስጠኝ" ከማለት ሌላ አልወጣልኝ አለ። አፈርኩ።

አዲሷ ማዳም አንድም ጥያቄ አልጠየቀችኝም። ሾርባ አስይዛ እናቷ ክፍል አስገባችኝ። "ከትናንት ጀምሮ ከማንም እጅ አልቀምስ ብላለች። ሞክሪ" አለችኝና በሩ ላይ ቆመች።

አሮጊቷ "አልፈልግም" ብላ ወደ ግድግዳው ዞረች። አረብኛው ብን ብሎ ጠፋብኝ። አጠገቧ ቁጭ ብዬ በአማርኛ "እማማ፣ በሞቴ፣ አንዴ ብቻ" አልኳት። እምቢ። "አፈር ስሆን!" እምቢ። ችክ አልኩ። በመጨረሻ ዞራ አየችኝ፣ "ምንድን ነው የምትለፈልፊው?" ልትል አፏን ስትከፍት አጎረስኳት!

ወዲያው ክው አልኩ። ምን ነካኝ? የሰው እናት አፍ ውስጥ በግድ ማንኪያ መክተት! አሁን ተሰድቤ እወጣለሁ፣ ነገ አውሮፕላን ላይ ነኝ አልኩ።

አሮጊቷ ዋጠች። አጣጣመች። "ጨው የለውም" አለች።

ማዳም "ያላ፣ ምን ታያለሽ፣ ጨው አምጪላት" አለችኝ።

ዓርብ

አልሃምዱሊላህ። ባባ በስልኩ የኢቃማዬን ዝውውር ላከ፣ የማዳም ባልም ተቀበለ። ሻንጣዬን ይዤ ገባሁ። ማዳም ፓስፖርቴን ተቀብላኝ ቁም ሳጥኗ ውስጥ ከተተችው። ስጪኝ ማለት ፈራሁ።

እናቴ ጋ ደወልኩ። ቆርቆሮው ሊገዛ ነው ስላት እልልታዋ ጆሮዬን ሊያደነቁረው። ከዚያ "ሰዎቹ እንዴት ናቸው?" አለችኝ። "ጥሩ ናቸው" አልኳት። ምኑን አውቄያቸው!

ስልኩን እንደዘጋሁ ማዳም ወጣች። በሩን ከውጭ ስትቆልፈው ሰማሁት። አሮጊቷ ተኝታለች። ቤቱ ጭር ብሏል።

ለእናቴ ጥሩ ናቸው ብያለሁ። ያ ረቢ፣ ውሸታም አታድርገኝ።