ከአሥራ አንደኛው ሪባን ወዲያ

ጥቅምት 12 ቀን። ከማለዳ እስከ ሦስት ሰዓት በመንታው ጥድ ያለፉ እግረኞች፦ በግራ ወደ መብራት ማማው አሥራ ዘጠኝ፤ በቀኝ ወደ ሱቄ ሁለት። ነፋስ የለም።

ለማከብርህ ታላቅ ወንድሜ፤

መርከባችሁ ሱቫ ወደብ ስትደርስ ይህ ደብዳቤ በደኅና ያግኝህ። ወገብህን እንዴት አደረገህ? ዓሣውስ ይያዛል? እኔ በአካል ደኅና ነኝ፤ እበላለሁ፣ ሱቄን እከፍታለሁ። ከሰላምታው በፊት ቁጥር ስላየህ አትሳቅብኝ። የምጽፍልህ የዕለት ማስታወሻዬን በምይዝበት ደብተር ላይ ነው፤ ቆጠራውን ካላስቀደምኩ እጄ አይፈታም።

ባለፈው በስልክ ስናወራ አባባ አንሸራቶት ወደቀ፣ ወዲያው አረፈ ብዬህ ነበር። አንተም አልቅሰህ ስታበቃ «አንቺ ስላለሽለት ነው እዚህ ድረስ የኖረው» ብለህ መረቅኸኝ። ያን ምርቃት ይዤ መቀመጥ አልቻልኩም። ነገሩ በስልክ የሚነገር ስላልሆነ እጽፍልሃለሁ።

መንታውን ጥድ ታስታውሰዋለህ። ሰው ሁሉ በግራ፣ በገደሉ ጫፍ አድርጎ ወደ ማማው ይሄዳል። ወደ ገበያችን የሚወርደውን የቀኙን ቁልቁለት የሚረግጠው አልነበረም። አንተ ከሄድክ ወዲህ የእግረኞች ማኅበር መንገዱን በቢጫ ሪባን ምልክት አድርጎበታል፤ እንግዳ ሰው ካርታ አያይም፣ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ሪባኑን ተከትሎ ነው የሚሄደው። ሚያዝያ ላይ አንድ ቀን ሰው ሳይነሣ ወጣሁና ከግራው መንገድ ሃያ ሦስት ሪባን ፈትቼ በቀኙ አሰርኩት። ከማግስቱ ጀምሮ እግረኛው ሁሉ ሱቄ ደጅ ዱብ ይል ጀመር። ያን ያህል የተራመደ ሰው ደረቅ ዓሣ አይቶ አያልፍም።

አባባም አብሮ ወረደ። የበላውን ምሳ ይረሳል፣ እኔን በእማማ ስም ይጠራኛል፤ የጠዋት ጉዞውን ግን አልተወም፣ ሪባን እያየ ይሄዳል። ድሮ ማማው ሥር ተቀምጦ ባሕር ያይ የነበረው ሰው ሱቄ ደጅ በርጩማ ላይ መቀመጥ ጀመረ። እሱም ከዓይኔ አይርቅም፣ ገበያውም ደራ አልኩ። ነውሩ አልታየኝም። አንድ ቀን እዚያው እንደተቀመጠ «ይሄ መንገድ እግር አወጣ እንዴ? ድሮ ወደ ማማው ነበር የሚሄደው» አለ። ከጎኔ የዓሣ ጥብስ የምትሸጠው እትዬ ማክሱን ከት ብላ ስቃ «ጋሼ፣ የልጅዎ ዓሣ ሸቶት ነዋ የመጣው» አለችው። «የሸተተውስ እውነት ነው» አለ፣ እኔን እያየ። እየረሳ ነው ብዬ ዕቃ መጠቅለሌን ቀጠልኩ።

መስከረም መግቢያ ላይ የማኅበሩ ሰው አቶ ክዋክ መጡ። ማማውን ፈልገው ገበያ የተገኙ ሰዎች አቤቱታ አስገብተዋል። «ከነገ ወዲያ ከማዘጋጃ ቤት ሰዎች ጋር መንገዱን እናያለን፤ እጁ ያለበት ነጋዴ ከተገኘ ሱቁን ይለቃል» አሉ። የተናገሩት ለሁላችንም ነበር፣ ዓይናቸው ግን የእኔን ደጅ ይለካ ነበር። ያን ዕለት አመሻሽ ላይ ዘግቼ ወጣሁና ከቀኙ ሁሉንም ፈትቼ ወደ ግራው መመለስ ጀመርኩ። አሥራ አንደኛውን ሳስር ዝናብ መጣ፣ ማየትም አቃተኝ። የቀሩትን አሥራ ሁለቱን በፌስታል ይዤ ቤት ገባሁና ከበሩ ጀርባ፣ ከጃንጥላው ጎን አኖርኩት። እራት ላይ አባባ ጭቃ የያዘ ጫማዬን አይቶ «ከየት ነው የመጣሽው?» አለኝ። ከማማው መንገድ አልኩት። «ጨረስሽ?» አለ። ለነገ የቀረ አለ አልኩት። ስለ ምን እንደሚጠይቀኝ ያወቀ አልመሰለኝም።

እኔ ያላወቅሁት ነገር ነበር። ነሐሴ ላይ የመታን አውሎ ነፋስ ከአሥራ ስድስተኛው ዛፍ ወዲያ ያለውን የድንጋይ ደረጃ ይዞት ገደል ገብቷል። በግራ የሚሄድ ስላልነበረ ማንም አላየውም። ሰው በዚያ እንዳይሄድ ያደረግሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

በማግስቱ አባባ ሱቅ አልመጣም። እስከ አምስት ሰዓት ጠብቄ ለፖሊስ ደወልኩ። ናምጉንግ መጣ፤ ያ የክፍል ጓደኛህ ታናሽ ወንድም። «አባትሽ በየት በኩል ነው የሚሄዱት?» አለኝ። በቀኙ ወርዶ እኔ ጋ ነው የሚመጣው አልኩት። ቃሉ ውሸት የለበትም። ሦስት ቀን ሙሉ የቀኙን ቁልቁለት፣ ገበያውን፣ የአውቶቡስ መናኸሪያውን አሰሱ። እትዬ ማክሱን ምድጃዋን አጥፍታ በየጓሮው እየዞረች ትጣራ ነበር። እኔም አብሬያት ተጣራሁ፤ በቀኙ በኩል።

በአራተኛው ቀን አቶ ክዋክ በፍለጋው ምክንያት የዘገየውን ምርመራ ሊያደርጉ በግራው መንገድ ሄደው ከተናደው ደረጃ ሥር አገኙት። ናምጉንግ ሊነግረኝ መጥቶ «ወዲያው አልሞቱም» አለ። ስንት ጊዜ ቆየ አልኩት። ሊሄድ ዞረ። አልለቀው ስል ጫማውን እያየ «ሐኪሙ ሁለት ቀን ይላል» አለኝ።

አቶ ክዋክ ቀብር ላይ እጄን ይዘው «ሪባኖቹ እስከ ናዳው ድረስ በቦታቸው ናቸው። ነጋዴውን በከንቱ ነው የጠረጠርነው፣ ይቅር በይን» አሉ። ሱቄ እንግዲህ በእጄ ነው።

ሰው ከተበተነ በኋላ ብቻዬን ወጥቼ አየሁ። እስከ አሥራ አንደኛው ድረስ ያለው የእኔ ቋጠሮ ነው፣ ዕቃ የምጠቀልልበት። ከአሥራ ሁለተኛው እስከ አሥራ ስድስተኛው ግን የጀልባ ቋጠሮ ነው። አንተም ታውቀዋለህ፤ ልጆች ሳለን አባባ ጫማችንን በሱ አስሮልን፣ መፍታት አቅቶን ከነጫማችን የተኛንበት። ምሳውን ቢረሳም እጁ አልረሳም፤ መንገዱ ለምን እግር እንዳወጣም አልረሳም ነበር። የተረፈኝን ሥራ ሊጨርስልኝ ነው የሄደው። የቀሩትን ሰባት ሪባኖች ጣቢያው አባባ ከመንገድ የለቀማቸው መስሎት፣ ከነፌስታላቸው ከልብሱ ጋር አስፈርሞ አስረክቦኛል።

አሁን ደረጃው ተጠግኗል። በየጠዋቱ ጥዱ ሥር ቆሜ በግራ የሚያልፉትን እቆጥራለሁ። ቀና ብለው ሪባኑን ያዩና ያልፋሉ፤ ቋጠሮውን ልብ የሚል የለም።

አንድ ነገር ቀረኝ። ፌስታሉን ከጃንጥላው ጎን አኖርኩት ብዬሃለሁ። አባባ በጠፋበት ቀን ጠዋት ያካፋ ነበር። ሱቅ ልከፍት ስወጣ እጄን ወደ በሩ ጀርባ ሰድጄ ጃንጥላዬን አነሣሁ። ጃንጥላው ብቻውን ነበር። ናምጉንግ በየት በኩል ነው የሚሄዱት ሲለኝ ይህን አውቅ ነበር።

ከዚህ በኋላ እህት አለችኝ ብትል ደግነትህ ነው፤ ባትልም አልቀየምህም። ባሕሩ ይለዝብልህ። መረብህ አይቀደድ፣ ወገብህ ይጽና። አባባ ሲሸኝህ እንዳለው፣ በወጣህበት እግርህ የብስ ያስረግጥህ።

ታናሽ እህትህ

ነገ፦ የሱቁን ቁልፍ ለእትዬ ማክሱን መስጠት። ናምጉንግ ሥራ የሚገባው ሦስት ሰዓት ላይ ነው፤ ሰባቱን ሪባን ይዞ ጣቢያ መሄድ።