ዳጉውን ያስቋረጥከው አንተ ነህ

ለወንድሜ ለኖላዊ መኩሪያ፤

ጤና ይስጥልኝ ማለት ወግ ነውና ጤና ይስጥልኝ። እንደምን ከርመሃል? ሥራው እንዴት ይዞሃል? የዱባይ ሙቀት በሰኔ አይቻልም ይላሉ፣ ቻልከው? ምግቡስ ተስማማህ? እንቅልፍስ ይወስድሃል? የመጨረሻውን ለወግ አልጠየቅሁህም፤ የእውነት ማወቅ ስለፈለግሁ ነው። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እማዬ ደህና ናት፤ ጉልበቷ ብቻ አራተኛ ፎቅ መውጣቱን ጠልቶታል። ትንሿ እህታችን ቤተልሄም የስምንተኛ ክፍል ፈተና ደርሶባት ቤቱን በወረቀት ሞልታዋለች። እኔም ደህና ነኝ። ስልኬን ማንሳት ካቆምክ ሁለት ወር ሊሞላ ነው እንጂ ሌላ የምነግርህ ሕመም የለኝም።

ወረቀት ያነሳሁት ወድጄ እንዳይመስልህ። ቴሌግራሙንም ዋትስአፑንም ዘጋህብኝ። በቤተልሄም ስልክ ስደውልልህ ድምፄን ሰምተህ ጆሮዬ ላይ ጠረቀምክ። ጎረቤታችን ሐሚዳ ለሱቋ ልብስ ልታመጣ ነገ ትበርራለች፤ ሀይሌ ጋርመንት ሱቋ ድረስ ሄጄ ለመንኳት። እጁ ላይ ሳላስቀምጥ አልመለስም ብላኛለች። ሐሚዳን ታውቃታለህ፣ ካለች አለች ነው። ስለዚህ ረቡዕ ይደርስሃል። ሐሙስ ጠዋት ደግሞ የአፋር ሽማግሌዎች የአስጎብኚያችንን የሁመድን ነገር ሊያዩ ይቀመጣሉ። በመሀሉ አንድ ቀን አለህ። ምን እንድታደርግበት እንደምፈልግ ከታች ታነበዋለህ። በፊት ግን የሆነውን ከሥሩ ልንገርህ። አንተ እስካሁን ለራስህ ሌላ ነገር ስትነግረው ከርመህ ይሆናል፤ ሰው የገዛ ውሸቱን ሲደጋግመው ያምነዋል።

መጋቢት ላይ ሬድዋን በሚኒባሱ ከጀሞ ሲያነሳን አራት ነበርን። አንተ፣ እኔ፣ የልጅነት ጓደኛዬ ኤሌኒ፣ ሹፌርም ባልንጀራህም የሆነው ሬድዋን። ያን ጊዜ የጉዞ ማኅበርህን ልታሳድግ ነበር። ከአዋሽ ማዶ፣ በረሃው ውስጥ፣ ዋሻዎች ያሉት ጠባብ የገደል ስንጥቅ አለ አልከን። ቀትር ላይ ፀሐይ ለግማሽ ሰዓት ብቻ ወደ ውስጥ ትገባለች፣ አለቱን ፍም ታስመስለዋለች፣ ያቺን ግማሽ ሰዓት በካሜራ ከያዝኩ የሚቀጥለው ጉዞ ሰው ሞልቶት ይተርፋል አልክ። እኔም ኤሌኒም ሳምንቱን ሙሉ የወሬያችን ማጣፈጫ አድርገነው ሰነበትን። ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልክድህም። ወንድሜ አገር የሚያሳይ ሰው ሆነ ብዬ መሥሪያ ቤት ሁሉ አውርቼልህ ነበር።

ሁመድን መንደሩ አፍ ላይ አገኘነው። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ የአስጎብኚነት ባጁን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ እንደ ሜዳሊያ ደጋግሞ የሚያስተካክል ሰው። አንድ ሰዓት ተኩል በእግር ወሰደን። ስንጥቁ ጋ ልንደርስ ትንሽ ሲቀረን ከደጋው አቅጣጫ ግመሎች እየነዳ የሚመጣ ሽማግሌ አገኘን። ሁመድ ቆመ። ተጨባበጡ፣ አንዲት ግራር ሥር ቁጢጥ አሉና ጀመሩ። ሬድዋን በዚያ መስመር ስለሚነዳ ያውቃል፤ ዳጉ ነው፣ ታገሱ አለን። አፋር ከአፋር ሲገናኝ ያየውንና የሰማውን ሳይነግር፣ የዚያኛውንም ሳይሰማ አያልፍም አለን። መጀመሪያ የሰው ጤና አለ፣ ቀጥሎ የከብቱ፣ የሣሩ፣ የውሃው፣ መንገድ ላይ የታየው እንግዳ። ተራ አለው፣ አይዘለልም። እኛ ግን ሥራ የፈቱ ሁለት ሰዎች ጊዜያችንን የሚበሉብን መሰለን።

አንተ ሰዓትህን አየህ። አምስት ሰዓት ከሩብ ሆኗል። አንዴ አጨበጨብክ፣ አንዴ በስሙ ጠራኸው። በመጨረሻ ሄደህ ትከሻውን ይዘህ አስነሳኸው። ሁመድ አልተቆጣህም።

«የላይኛውን አገር ገና አልነገረኝም» አለህ።

«የላይኛውን ማታ ይነግርሃል፤ ፀሐይዋ አትጠብቀንም» አልከው።

ትንሽ ብቻ ብሎ ሁለተኛ ለመነህ። የማሠራህ እኔ ነኝ ወይስ እሱ አልከው። ሽማግሌው ከኋላችን እጁን ወደ ተራራው ዘርግቶ አንድ ነገር ተናገረ። ሁመድ ዞር ሊል ሲል ክንዱን ይዘህ ስለ ካሜራህ ትነግረው ነበር፣ አልሰማውም። እኔ ምን አደረግሁ? ሳቅሁ። ኤሌኒን በክርኔ ጎሰም አድርጌ፣ ከእማዬ ማኅበርተኞች የባሱ ወሬኞች አገኘን አልኳት። አንተን ስከስ ራሴን ልደብቅ አልፈልግም። ሐሙስም በሽማግሌዎቹ ፊት ይህንኑ እናገራለሁ።

ቦታው ግን ካልከው በላይ ነበር። እጆቼን ግራና ቀኝ ብዘረጋ ሁለቱንም ግድግዳ እነካለሁ። አለቱ ለስልሶ፣ ተጠማዞ፣ ሰው በእጁ ያበጀው ይመስላል። ከላይ ሰማዩ የመቀነት ያህል ብቻ ይታያል። ውጭው እሳት ሆኖ ውስጡ ብርድ ብርድ ይላል። ኤሌኒ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነበር የምታወራው፣ ቤተ ክርስቲያን የገባች ያህል። ፀሐይዋም በሰዓቷ ገባች። አንተ ከአለት አለት እየዘለልክ ስታነሳ ሳይህ እውነት ለመናገር ኮራሁብህ።

ከዚያ ሁመድ ቆመና መዳፉን ግድግዳው ላይ አሳረፈ። ቀጥሎ የረጠበ አፈር የሚሸት ነፋስ መጣ። ቀጥሎ ድምፁ። ሲኖትራክ ከኋላችን የሚመጣብን ነበር የመሰለኝ። ቀና ስል ሰማዩ ሰማያዊ ነው፣ የዳመና ዘር የለበትም። ሁመድ ወደ ላይ፣ ወደ ዋሻው ብሎ ጮኸ። የሁለት ሰው ቁመት ያህል ከፍ ያለው ዋሻ ነበር፣ ታስታውሰዋለህ። ቀድመህ የወጣኸው አንተ ነህ። መቅደምህን አልያዝኩብህም፤ ደራሽ ውሃ ሲመጣ እግር አያስፈቅድም፣ እኔም ቀዳሚ ብሆን ያንኑ አደርግ ነበር። ሁመድ እኔን ገፍቶ አወጣኝ፣ ሬድዋንን አወጣው። ኤሌኒ ተንሸራትታ ከታች ቀረች። እሱ ተመልሶ ወረደ። ውሃው ጉልበቱ ላይ ደርሶ ነበር፤ ትከሻው ላይ አድርጎ ሲያወጣት ደረቱ ላይ ደረሰ። በመጨረሻ ውሃው ያመጣው ግንድ ቀኝ እጁን ከአለቱ ጋር አጣብቆ ያዘው። ኤሌኒ ቁርጭምጭሚቷ ተሰበረ። እሱ ሁለት ጣቱን አጣ።

እስከ አስር ሰዓት ዋሻው ውስጥ ተቀመጥን። ሬድዋን በሻርፔ እጁን አሰረለት። ሁመድ አንዴም አላቃሰተም፤ ኤሌኒን አይዞሽ ይላት ነበር። ውሃው ጎድሎ ስንወጣ ያ ሽማግሌ ግመሎቹን አስተኝቶ ስንጥቁ አፍ ላይ ቆሞ ጠበቀን። ያቋረጥክበትን ለሁመድ ጨረሰለት። ደጋው ላይ ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ አድሯል፣ ወንዞቹ ሞልተዋል፣ ከስንጥቁ ራቁ። ይኼው ነበር የላይኛው አገር ወሬ። አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ወሬ። ሁመድ ወደ አማርኛ ሲመልስልን ፊትህ አመድ መሰለ። ከዚያ ደህናውን እጁን ይዘህ እንዲህ አልከው፤ እኔም፣ ሬድዋንም፣ ኤሌኒም ሰምተናል።

«ጥፋቱ የኔ ነው። ለጠየቀህ ሁሉ እኔ እመሰክርልሃለሁ።»

በቃልህ አራት ቀን ቆየህ፣ አራት ቀን ብቻ። የኤሌኒ አባት ማነው ልጄን ለዚህ ያበቃት ብለው ብስራተ ገብርኤል ድረስ እየፈለጉህ ነበር። የዱባዩም ሥራ ቪዛው ደርሶልህ ነበር። የአስጎብኚዎቹ ማኅበር ደውሎ ምን ሆነ ሲልህ፣ ሳያጣራ ያስገባን እሱ ነው፣ መንገድ ላይ ያገኘነው ሰው የለም አልካቸው። ወረቀትም ፈረምክበት። እኔ ይህን ያወቅሁት አንተ ሻንጣህን ይዘህ ከሄድክ በኋላ ነው። ቦሌ ድረስ ሸኝቼህ አልቅሼልሃለሁ። እንባዬ አሁን ያንገበግበኛል።

ባለፈው ወር ሬድዋን ሰው ጭኖ በዚያ ሲያልፍ ሁመድን ቤቱ ደጃፍ ተቀምጦ አገኘው። ባጁን ወስደውበታል። እሱ ግን ያዘነው በባጁ አልነበረም። እዚያ አገር ዳጉ ላይ የዋሸ ሰው አለቀለት፤ ወሬ የሚያቀብለው የለም፣ ወሬውንም የሚቀበለው የለም። ሁመድ የሆነውን ለመንደሩ ነግሮ ነበር፤ እንግዳው አስነሳኝ፣ ሽማግሌውን ሳልሰማ ገባሁ ብሎ። ያንተ የተፈረመ ወረቀት ሲመጣ እሱ ውሸታም ሆነ። ያ ሽማግሌ ግመሎቹን ይዞ ሣር ፍለጋ ርቆ ሄዷል፣ የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። አሁን ሰዎች ሁመድን ሰላም ይሉታል፣ አብረውት ግን አይቀመጡም። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ማለት ይኼ ነው፣ ኖላዊ። እሱ ጣቶቹን ሰጠ፣ አንተ ስሙን ወሰድክበት።

እንግዲህ ሐሙስ ሬድዋን፣ እኔና ኤሌኒ በሽማግሌዎቹ ፊት እንቀርባለን። ኤሌኒ ገና በክራንች ናት፤ ቅሪ ብላት ልትመታኝ ደረሰች። የሦስታችንን ቃል እንሰማለን ብለዋል። ነገር ግን አንዱ ሽማግሌ ለሬድዋን፣ ቃልን የሚያነሳው ያስቀመጠው አፍ ነው ብለውታል። ስለዚህ ከአንተ የምፈልገው ይህን ነው። ስልክህን አውጣ፣ ስምህን ተናገር፣ ግራሯ ሥር ያደረግከውንና የፈረምከው ውሸት መሆኑን ተናገር፣ ለሬድዋን ላክለት። ሦስት ደቂቃ አይሞላም። ሥራዬን አጣለሁ ብለህ ከሆነ፣ አለቆችህ የአፋር ሽማግሌ ሸንጎ አይከታተሉም። አፍራለሁ ብለህ ከሆነ፣ እፈር። ጊዜው አሁን ነው።

እማዬ እስካሁን የምታውቀው ኤሌኒን ከውሃ ያወጣሃት አንተ መሆንህን ነው። አንተ ራስህ ነህ የነገርካት፤ እኔም አፌን ይዤ ቀረሁ፣ ያም የኔ ኃጢአት ነው። ስንጥቁ ውስጥ የተነሳኸውን ፎቶ አሳጥባ ሳሎን ሰቅላዋለች። እንግዳ በመጣ ቁጥር፣ ስሙን ኖላዊ ያልኩት በከንቱ አይደለም፣ ጠባቂ ማለት ነው ትላለች። እኔ ወጥ ላማስል ብዬ ወደ ማድ ቤት እገባለሁ። ሐሙስ የሰኔ ሚካኤል ነው፣ ዝክር አለባት፤ በዚህ ቀን ጥለሽኝ የት ትሄጃለሽ ብላ ተቀይማኛለች። ዝክሯን አላበላሽባትም። አርብ ስመለስ ግን ቁጭ አድርጌ እነግራታለሁ። ድምፅህን ከላክህ እሱን አሰማታለሁ። ካልላክህም ያለ አንተ እነግራታለሁ። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ የምትል ሴት መሆኗን አንተም ታውቃለህ። ስትሰማ ምን እንደምትል እኔ አላውቅም፤ ፎቶውን ግን የማወርደው እኔ አይደለሁም፣ እሷ ናት።

አንድ ነገር ጨምሬ ላብቃ። ሽማግሌዎቹ ዘር ይጠይቃሉ አለኝ ሬድዋን። መጀመሪያ የማን ልጅ ነሽ ይሉኛል፣ መኩሪያ እላለሁ። ቀጥለው የዋሸው የማን ልጅ ነው ይሉኛል። ያኔም መኩሪያ ከማለት በቀር መውጫ የለኝም። አባታችን በሕይወት ሳለ ቃሉን ያጠፈበትን ቀን እኔ አላስታውስም። አንተ ታላቅ ነህ፣ ካስታወስክ ንገረኝ።

በል ሰላምታ ላድርስ። ቤተልሄም ሰላም ብላሃለች፤ ለፈተናዋ ጸልይልኝ ብላለች፣ ምንም አታውቅም። እማዬ ጉንጭህን ስማሃለች፣ የእሷ ሰላምታ እስከ አርብ ያገለግላል። ሐሚዳ ራሷ ቆማ ሰላም ትልሃለች፤ ደብዳቤውን ሳታነብ አትልቀቃት። ሬድዋን ምንም አላለም። ኤሌኒንም ሰላምታ አልጠየቅኋትም።

ሁመድ ግን በሬድዋን በኩል ጠይቆሃል። ደህና ገባ ወይ፣ ሰውነቱ ደህና ነው ወይ፣ እናቱ ደህና ናት ወይ፣ ባለበት አገር ዝናብ አለ ወይ ብሏል። ወግ ስለሆነ ብቻ መስሎኝ ነበር። መልሱን ይጠብቃል አለኝ ሬድዋን። ሐሙስ ፊት ለፊቱ ስቀመጥ ደህና ነው ልበለው?

እህትህ ሄርሜላ መኩሪያ

ጀሞ፣ አዲስ አበባ
ሰኞ ሰኔ ፱ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.