ለዋርካችን ስለተደረገለት ክብር

ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.
ለጥንታዊ ዛፎች ዕውቅና ሰጪ ጽሕፈት ቤት
ጎንደር

ክቡር ኃላፊ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ፣ ለሠራተኞችዎ፣ እንዲሁም በምረቃው ዕለት ጫማቸው አቧራ እንዳይነካው ሲጨነቁ ለዋሉት እንግዶችዎ ሁሉ ሙሉ ጤና እመኛለሁ። እኛ የሰፈሩ ነዋሪዎች ከዋርካችን በቀር ሁላችንም ደኅና ነን።

እኔ ጡረታ የወጣሁ መምህር ስሆን፣ ዛፉ ዕውቅና ባገኘበት ዕለት በነዋሪው ስም የምስጋና ንግግር ያነበብኩት ሰው ነኝ። ያን ዕለት ምስጋናዬን ስላልጨረስኩት የቀረውን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

1ኛ. አያቶቻችን አድጎ ያገኙትን፣ የተጣላ ሁሉ ሲታረቅበት የኖረውን ዛፍ ጽሕፈት ቤትዎ «ጥንታዊ» መሆኑን ስላበሰረን እናመሰግናለን። እንዳንረሳውም ይህንኑ የጻፈበትን ሰሌዳ በሰባት ምስማር ግንዱ ላይ መትቶልናል።

2ኛ. ሁለቱ ትልልቅ ቅርንጫፎች ካሜራ ጋረዱ ተብለው ስለተቆረጡ በዓሉ በቴሌቪዥን ጥርት ብሎ ታይቷል። እንግዶቹ ፀሐይ በረታብን ብለው ንግግሬ እንዲያጥር መጠየቃቸው ግን ያሳዝናል፤ ጥላው የት እንደሄደ የነገራቸው ሰው አልነበረም።

3ኛ. የግንዱን ዙሪያ በሲሚንቶ ስላስዋባችሁልን ምን ብለን እንደምናመሰግን ጠፍቶናል። ጎረቤቴ አያ ነጋ ከዛፉ ሥር ለሽምግልና ሲቀመጡ አርባ ዓመት አልፏቸዋል። ሲሚንቶው ሲፈስ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ምነው፣ ታዲያ ውኃ በየት ሊጠጣ ነው?» አሉኝ። እኔም እንግዳ ፊት እንዳያሳፍሩን ብዬ ዝም አሰኘኋቸው። እዚህ ላይ ጥፋቱን ለጽሕፈት ቤትዎ ብቻ መተው ነውር ይሆንብኛል፤ አሸዋውን የተሸከምነው እኛ፣ ያጨበጨብነውም እኛ ነን። ሊያከብረን የመጣን ሰው ቅር ማሰኘት ከብዶን ዛፋችንን አሳልፈን ሰጠን።

ይኸው ዓመት ሳይሞላው ቅጠሉ ረግፎ አለቀ፤ ግማሽ ጎኑ ደርቋል። አያ ነጋ በየማለዳው ውኃ በጀሪካን ተሸክመው መጥተው ከግንዱ ሥር ያፈሳሉ። ውኃው በሲሚንቶው ላይ ተንሸራትቶ ወደ አስፋልቱ ይወርዳል። በማግሥቱም ይመጣሉ። ይተዉት እንዳልላቸው አንደበት የለኝም፤ ቆሞ ከማየት በቀርም የማደርገው የለኝ።

4ኛ. ሲሚንቶውን በዶማ ለማንሳት ሦስት ጊዜ ፈቃድ ጠይቀን፣ ዕውቅና ባገኘ ዛፍ ዙሪያ የተሠራን ግንባታ መንካት በሕግ እንደሚያስጠይቅ የሚገልጽ ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ደርሶናል። ማኅተሙ በጣም ያምራል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ዛፉ በመድረቁ ከመዝገብ ሊሰረዝ እንደሚችል ተነግሮን፣ ነዋሪው ለምን በአግባቡ እንዳልጠበቀው በጽሑፍ እንዲያስረዳ ታዘናል። ማብራሪያችን ይኸው ነው።

ክቡር ሆይ፣ በጀትም ባለሙያም አንለምንም። ክረምቱ ሳይገባ፣ ዝናቡ እንኳ ወደ ሥሩ እንዲደርስለት፣ ዶማ እንድናነሳ ብቻ ይፍቀዱልን። እንደማይፈቅዱልን አውቃለሁ። የምጽፈው ነገ ጠዋት አያ ነጋ ጀሪካናቸውን ይዘው ሲመጡ የምላቸው እንዳላጣ ነው።

ክብርዎ ከደረሰን ጊዜ ጀምሮ ቀና ብለን ዛፋችንን ማየት ያቃተን፣ ቢጠሩን ግን ዛሬም ከማጨብጨብ የማንቦዝን ትሑት አገልጋይዎ፣

ዓለምነው ፊልጶስ
የምረቃው እንግዳ ተቀባይ ኮሚቴ ሰብሳቢ የነበርኩ

ግልባጭ፦
ለዋርካው (ያለ ምስማር)

ከፊርማዬ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ዕውቅና የሚሰጣቸው ሌሎች ዛፎችን ፍለጋ በቅርቡ እንደምትወጡ ሰምተናል። ከዚህ ዋርካ በዕድሜ የሚበልጥ አንድ ወይራ እናውቃለን፤ ማንም ስለማያውቀው ጤንነቱ እጅግ ሸጋ ነው። የት እንዳለ አንነግራችሁም።