ቆጣሪው በእኔ ስም ነው

ቦሌ ቡልቡላ፣ መጋቢት 9 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለልጄ ለጫልቱ፣ ኢስታንቡል

ወንድምሽ ሂካ ሌባ ነው። የሰረቀኝም አንቺን ነው።

እንደምን ሰነበትሽ? ልጅሽ ሜቲስ ጥርስ አወጣች? እኔ ደህና ነኝ።

የላክሽልኝ ሁለት መሰኪያዎች ደርሰውኝ ነበር። አንዱን ሂካ ቤት፣ ኢንተርኔቱ ባለበት፣ ሌላውን ጓሮ ባለችው ክፍሌ ሰካናቸው። ኢንተርኔት በመብራት ሽቦ ግቢውን አቋርጦ ይመጣል ሲሉኝ አላመንኩም። መጣ። በላክሽልኝ ታብሌት ሜቲን አቅፈሽ አየኋችሁ። በማግስቱ ሂካ የእኔን ነቀለና "አባዬ፣ ተቃጥሏል" አለኝ።

አልተቃጠለም። እዚሁ ግቢ ሱቅ ላለው ተከራዩ ለኢሳ ሸጦለታል። ለአንቺ ደግሞ "አባዬ ፊቷን ማየት አልፈልግም ብሏል" አለሽ። ያወቅሁት ነጋዴው ዘርአጽዮን ከእናንተ ዘንድ ተመልሶ "ጋሽ ቀጀላ፣ ምን ዓይነት ልብ ነው ያለዎት? ልጅቷ እኮ ታለቅሳለች!" ብሎ ሲቆጣኝ ነው። በስልኩ ሊያገናኘኝ ፈለገ፤ በተውሶ ስልክ ልጄን አላናግርም።

አንቺም አመንሽው። ለምን እንዳመንሽው አልጠይቅሽም።

ሂካ በሰጠሁት መሬት ላይ ፎቅ ሲያቆም አንድ ነገር ረሳ፤ የመብራት ቆጣሪው በእኔ ስም ነው። መብራት ኃይል ሄጄ ይቆረጥ አልኩ። ሠራተኛው "አባት፣ የእርስዎም ክፍል እኮ ይጨልማል" አለኝ።

"ይጨልም። ቁረጥ።"

ኢሳ ነገሩን ሲሰማ አፍሮ መሰኪያውን መለሰልኝ፤ ሱቁንም ወደ ጎሮ ሰፈር አዛወረ። እሱን አልቀየምም። ሌሎቹም ተከራዮች እየወጡ ነው። ውሃ መሳቢያው ቆሟል። የሂካ ሚስት ጋዲሴ ባልዲ ተሸክማ ደረጃ ስትወጣ አይቼ "አስቀምጪው፣ ባልሽ ይሸከም" አልኳት። አሁን እሱ ይሸከማል። እኔ ወንበሬን ደጅ አውጥቼ አያለሁ።

ባለፈው እሑድ ሂካ ሽማግሌ ይዞ መጣ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ኦቦ ሌንጮ፣ ድሮ መንገድ ላይ ቆሞ አልነቃነቅ ይል የነበረውን በሬዬን አስታውሶ "ቀጀላ፣ አንተና በሬህ መንገድ የምትለቁት መቼ ነው?" አለኝ።

"በሬው ሞቷል፤ እኔ ቀርቻለሁ" አልኩት። ሳቁ።

ሂካ ድንጋይ ተሸክሞ እግሬ ሥር ወደቀ። "አባዬ፣ መብራቱን ያስቀጥሉልኝ። ዛሬውኑ ጫልቱንና ሜቲን ያያሉ" አለ።

እጄን ኪሴ ውስጥ ወዳለው መሰኪያ ሰደድኩ። ሌንጮም አይቷል።

"የሰረቅኸኝን መልሰህ ልትሸጥልኝ መጣህ?" አልኩትና ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

የሜቲን ፎቶ በወረቀት አሳጥበሽ በዘርአጽዮን ላኪልኝ። ትልቅ ይሁን፤ ዓይኔ ደክሟል። አንቺም ከጎኗ ሁኚ።

ፈጣሪ ልጅሽን ያሳድግልሽ፤ ከሐሰተኛ ሰው ይጠብቃት። አንቺንም በሰው አገር አንገትሽን አያስደፋሽ። ስለ ሂካ ግን እንዳትለምኚኝ፤ ብትጽፊም አላነበውም። ይህን ነገር አንድ ጊዜ ጽፌዋለሁ። ከእንግዲህ ከአፌም ከብዕሬም አይወጣም።

አባትሽ ቀጀላ