ነጯ ወይስ ግራጫዋ

ሐሙስ፣ ነሐሴ 8

ነጯ መኪና ፈተናውን ወደቀች። እማማን ከኋላ አስቀምጠን ሻጩ ሰፈር፣ ታልፒዮት አካባቢ ስንዞር አጥወለወላቸውና መንገድ ዳር አስመለሳቸው። የወጣ ነገርም የለም፤ መራራ ውሃ ብቻ። ባሌ ደሬ እናቱን ደግፎ ወደ ጥላ ወሰዳቸው፣ ቁልፉን ለሻጩ መለሰና «እናቴን የምታሳምም መኪና አልገዛም» አለው። እኔ ምክንያቱን አልነገርኩትም።

ቢያንስ እዚህ እውነቱን ልጻፍ። እማማ ፍልሰታን እየጾሙ ነው። ቅዳሴ እስኪወጣ ውሃ እንኳ አይቀምሱም። ከዚያ በኋላ ግን እዚያው ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጠው ዳቦና ሻይ ቀማምሰው ነው የሚመጡት። ዛሬ «ሻጩ ይዘጋብናል» ብዬ ኢትዮጵያ ጎዳና ካለው የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ አጣድፌ የወሰድኳቸው እኔ ነኝ። ደሬ የሚነዳውን አውቶቡስ አስረክቦ በቀጥታ ታልፒዮት ስለመጣ እናቱ በልተው የወጡ መስሎታል። በዚህ ሙቀት፣ በባዶ ሆድ፣ በዚያ ዕድሜ፣ እንኳን መኪና አልጋም ያዞራል።

ቦርሳዬ ውስጥ ደግሞ የልጆቹ ውሃና ዳቦ ቆሎ ነበር። ረስቼው ነው ልበል? ቦርሳው መንገዱን ሙሉ ጭኔ ላይ ነበር።

ለማንኛውም ሁለቱን መኪኖች እንዲህ መዝግቤያቸው ነበር። ሁለቱም ያገለገሉ፣ ሻጩ «ጂፖን» የሚላቸው ትንንሽ ጂፕ መሳዮች ናቸው። ሁለቱንም መካኒክ አይቷቸዋል።

ነጯ፦ ሰፊ ናት። ዕቃ መጫኛዋ የትንሿ ልጄን የሶልያናን ጋሪና የማሃኔ ይሁዳ ገበያን ሸመታ አንድ ላይ ይውጣል። ከኋላም የሚያቀዘቅዝ ማዝጋን አላት፣ ልጆቹ በሙቀት አይነጫነጩም። ዳገት ላይ ታቃስታለች። ካሜራ የላትም። መልኳ የወተት ማመላለሻ ነው።

ግራጫዋ፦ አጠር ያለች። በጠባብ መንገድ እንደ ልብ ትዞራለች። ካሜራ አላት። ቤንዚን አታባክንም። ታምራለች። ከኋላ ትጠባለች።

ዓርብ፣ ነሐሴ 9

እማማ ዛሬም ከሰዓት በኋላ ትንሽ ሻንጣቸውን ይዘው ወጡ። ቅዳሜ የአይሁድ ሰንበት ነው፣ አውቶቡስ የለም። ከሰፈራችን ከቂርያት መናሔም እስከ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ በእሳቸው ጉልበት አይሞከርም። ስለዚህ የቅዳሜው ቅዳሴ እንዳያመልጣቸው ዓርብ አውቶቡሶቹ ሳይቆሙ ይሄዱና አንዲት የሚያውቋት መነኩሲት ዘንድ መሬት ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ያድራሉ። መኪና እንግዛ የተባለው በዋናነት ለዚህ ነው። ለእሳቸው ነው።

በሩ እንደተዘጋ ቤቱ ጸጥ አለ። ጸጥታውን ወደድኩት። ወዲያው ደግሞ አፈርኩ።

ደሬ ቀኑን ሙሉ የአውቶቡስ መሪ ሲያዞር ስለሚውል የቤቱ ሹፌር እኔ ነኝ። «ምርጫው ያንቺ ነው» ይለኛል። ግራጫዋን ለምን እንደወደድኳት ሰው ሲጠይቀኝ ካሜራዋን እጠራለሁ። ካሜራዋ ጥሩ ነው፤ ምክንያቴ ግን እሱ አይደለም። የናሆምና የሶልያና ወንበሮች ከኋላ ከታሰሩ መሃል የሚተርፈው ቦታ ዘንቢል ቢይዝ ነው። ያን ባየሁ ጊዜ ነው ልቤ ወደሷ የሄደው። ወደ ባሕር ስንወርድ አንድ ሰው ይቀራል ማለት ነው። ማን እንደሚቀር ለማወቅ ጠንቋይ መቀለብ አያስፈልግም።

እማማ ክፉ ሰው አይደሉም። ክፉ ቢሆኑ እንዴት በቀለለኝ! ብቻ ሁልጊዜ አሉ። ስበላ፣ ስቆጣ፣ ከባሌ ጋር ስስቅ አሉ። አንዳንድ ቀን እንኳ ደሬን አጠገቤ አስቀምጬ፣ ሬዲዮ ከፍቼ፣ ማንም «ቀስ በይ ልጄ» ሳይለኝ መንዳት አማረኝ። ወንጀሌ ይኸው ነው። ሲጻፍ ትንሽ ይመስላል። የሚያስመልሳቸውን ሰው ውሃ መከልከል ግን ትንሽ አይደለም።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 10

ሲመሽ አውቶቡስ እንደጀመረ ደሬ ሄዶ አመጣቸው። እያነከሱ ገቡ። «ወለሉ ቀዝቅዞብዎት ነው?» አልኳቸው። «ኧረ ተመችቶኝ ነው ያደርኩ» አሉ። እሳቸው ያልተመቻቸው ነገር ኖሮ አያውቅም። ዐሥር ዓመት አብሬያቸው ኖሬ «ይህ አልሆነኝም» ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። ይህን እያወቅሁ ነው ሁልጊዜ «ተመችዎት?» እያልኩ የምጠይቃቸው። መልሱ የታወቀ ጥያቄ መጠየቅ ደስ ይላል።

እሑድ፣ ነሐሴ 11

ግራጫዋን አየናት። እሑድ ቅዳሴ በጠዋት ስለሚወጣ እማማ በልተው ነው የመጡት። ደሬ የሐሙሱን አስታውሶ ከፊት አስቀመጣቸው፤ እሱ ከኋላ ተንፈላሰሰ። እኔ ነዳሁ። የልጆቹ ወንበሮች እቤት ናቸው፤ ይዘናቸው እንምጣ ያለ ሰው የለም። እኔም አላልኩም።

እማማ ደህና ሆነው ወረዱ። «ታዲያስ እማዬ?» ሲላቸው «ልስልስ ያለች ናት፣ ተመችታኛለች» አሉት። ደሬ ፊቱ በራ። ለሻጩ ማክሰኞ መጥተን እንጨርሳለን ብሎ ቃል ሰጠ።

እሱ ከሻጩ ጋር ሲያወራ እማማ የኋላውን በር ከፍተው ወደ ውስጥ አዩ። ቆይተው «የልጆቹ ወንበር የት ይሆናል?» አሉኝ። «ከኋላ ነው እማማ፣ ግራና ቀኝ» አልኩ። መሃሉን አዩት። «እሺ ልጄ» አሉና በሩን እንዳይጮህ ቀስ አድርገው ዘጉት።

እሺ ባይሉኝ ይሻል ነበር።

ሰኞ፣ ነሐሴ 12

ዛሬ የምሠራበት ክሊኒክ አልገባሁም፤ ተረኛ አይደለሁም። ድንች እየላጥኩ ናሆም ከአያቱ ጋር ሲያወራ ሰማሁ። በአዲሷ መኪና ባሕር ስንሄድ ማን የት እንደሚቀመጥ እያከፋፈለ ነበር። «እኔ እቤት እጠብቃችኋለሁ» አሉት። «ሳብታ፣ ላማ? ለምን አትመጪም?» አላቸው፣ ዕብራይስጡን ከአማርኛ ቀላቅሎ። ሁልጊዜ አንቺ ነው የሚላቸው፣ አማርኛው ከዚያ አያልፍም። «ባሕር ለጉልበቴ አይሆንም። አሸዋና ዛጎል ታመጣልኛለህ» አሉት። ድምፃቸው ውስጥ ቅሬታ የለም። ቢኖር ኖሮ ድንቹን እየላጥኩ እቀጥል ነበር።

ቢላዋውን አስቀምጬ ወደ መኝታ ቤት ገባሁ። ደሬ ለከሰዓት ፈረቃ ጫማውን እያሰረ ነበር። ሁሉንም ነገርኩት። ባዶ ሆዳቸውን እንደነበሩ፣ ያጣደፍኳቸው እኔ እንደሆንኩ፣ ስለ መሃሉ ወንበር። ውሃውንም።

ይጮሃል ብዬ ነበር። «ታውቂ ነበር?» አለ። «አዎ» አልኩ። ማሰሪያውን ፈትቶ እንደገና አሰረው። የቋጠርኩለትን ምሳ ጠረጴዛው ላይ ትቶ ወጣ።

ከመናኸሪያው ደወለ። ድምፁ ለተሳፋሪ እንደሚያወራ ነው። ነጯን ትናንት ሌላ ሰው አይቷት ሄዷል፣ ግን እስካሁን አልተሸጠችም። ነገ ሁለቱንም ከነልጆቹ ወንበር እንሞክራለን። «ለእማዬ ግን አንዲት ቃል እንዳትተነፍሺ። ምራቴ ጠላችኝ ብላ እንድትኖር አልፈልግም።»

ጠላኋቸው እንዴ? አልጠላኋቸውም። ይህን ለእሱ ለመንገር ስልኩን አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩት። ማን ያምነኛል?

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 13

ቡሄ ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ በልጆች ጫጫታ ተሞልቶ ነበር። ቅዳሴ ሲወጣ እማማ አጠገብ ቆሜ ሙልሙላቸውን እስከ መጨረሻው፣ ሻያቸውንም ሁለት ብርጭቆ አስጨረስኳቸው። «ዛሬ ምን ነክቶሻል?» አሉኝ።

መጀመሪያ ግራጫዋ። ወንበሮቹን አሰርን፣ ደሬ መሃል ልግባ አለ። አንድ ትከሻው ገባ፣ ሌላው እምቢ አለ። ናሆም በሳቅ ሞተ። ሻጩ ስልኩን ማየት ጀመረ። ግራጫዋ አበቃላት። እንዳላዝን ብሞክርም አዘንኩ፤ በጣም ታምር ነበር።

ከዚያ ነጯ። እማማ ከኋላ በልጆቹ መሃል ሰፋ ብለው ተቀመጡ። ቦታ ተርፏቸዋል። ዳገቷን ጀመርን፣ እሷም ማቃሰቷን ጀመረች። ግማሽ ላይ «ልጄ፣ አቁሚልኝ» አሉ።

ሙልሙሉ ወጣ። ሻዩም ወጣ። ጠግበው፣ ጠጥተው፣ ማዝጋኑ እየነፈሰላቸው!

መሳቅ ይሁን ማልቀስ አላወቅሁም። ቀና ስል ደሬ ከጎኔ እያየኝ ነው። ከትናንት ወዲህ ዓይኔን ሲያየኝ የመጀመሪያው ነበር፤ ከከንፈሩ ሳቅ ሊያመልጠው ነው። ለካ ሐሙስ ዕለትም ውሃ ብሰጣቸው ያው ነበር። ታዲያ ለምን አልቀለለኝም? ያኔ ይህን አላውቅም ነበራ። እኔ የማውቀው ጠርሙሱ ቦርሳዬ ውስጥ እንደነበረ ነው።

እማማ አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ «አውቶቡስ ላይ እኮ ከፊት ነው የምቀመጠው። ከኋላ ድሮም አይሆንልኝም» አሉ። ሁላችንም አየናቸው። ደሬ «እማዬ! ለምን አልነገርሽንም?» አለ። «የጠየቀኝ የለም። የፊቱ ደግሞ የባልና የሚስት ነው ብዬ።»

ከፊት አስቀመጥናቸው። ደሬ በልጆቹ መሃል ገባ፤ ነጯ ትከሻውን ቻለችው። ዳገቱን ወጣን፣ ወረድን፣ ደግመን ወጣን። እማማ ስለ ዛፎቹ እያወሩ ነበር።

ነጯን ገዛን። እንግዲህ የትም ስንሄድ አጠገቤ የሚቀመጡት እማማ ናቸው፤ ባሌ ከኋላ። ከላይ ሆኖ እንዲህ አድርጎ የሚፈርድብኝ ማን እንደሆነ አውቄያለሁ።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 14

ጠዋት የስም ዝውውሩንና ኢንሹራንሱን ጨረስን። ደሬ ወደ ሥራ ሲሄድ ምሳውን ይዞ ወጣ። ሌላ ነገር አላወራንም። ምሳውን ግን ይዟል።

ከሰዓት በኋላ ብቻዬን ነጯን ይዤ እማማን ልወስድ ሄድኩ። ከሃነቪኢም መንገድ ታጥፌ ኢትዮጵያ ጎዳና ስገባ ላብ በላብ ሆንኩ፤ ካሜራ የለ፣ ግድግዳው ቅርብ፣ ከኋላዬ አንድ ታክሲ ጡሩንባውን ይነፋል። እማማ በሩ ላይ ቆመው ነበር። እኔን እንዳያስጠብቁኝ ሳይቀምሱ ወጥተዋል። ጡሩንባውን ችላ ብዬ ወረድኩና በሩን ከፈትኩላቸው። ጉልበታቸውን በእጃቸው አንስተው ገቡ። ቀበቶውን እኔ አሰርኩላቸው።

ከዚያ ቦርሳዬን ከፍቼ ውሃውን ሰጠኋቸው። ክዳኑን ከፍቼ ነበር የሰጠኋቸው።

እስኪረኩ ጠጡ። ጠርሙሱን ሲመልሱልኝ እጄን ትንሽ ያዝ አደረጉት።

«ዛሬስ አልረሳሽም» አሉኝ።

ፊታቸውን አየሁት። ምንም አላገኘሁበትም። ወደ መንገዱ እያዩ ነበር፣ እኔ እንድሄድ እየጠበቁ። ታክሲው አሁንም ይጮሃል። ማርሽ አስገባሁ። «ቀስ በይ ልጄ» አሉ፤ ቀስ አልኩ።