ቅዳሜ ስለሚወሰደው የበረንዳዬ ሶፋ

ለክቡር አቶ ዋሪክ ፔንሃሎው
የኦርቪልተን ከተማ ፖሊስ አዛዥ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ባለቤትዎ፣ ውሻዎና ባለፈው ወር የኮሌጁ አጥር ጎኑን የላጠው አዲሱ የቅኝት መኪናዎ ሁሉም ደህና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ዳሌዬ ከተሠራ ወዲህ፣ ምስጋና ለሐኪሞቼ ይሁንና፣ ደህና ነኝ። ሰባ አራት ዓመቴ ነው፤ ሠላሳ አንዱን በኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተማሪዎችን «ዝም በሉ» ስል ስለኖርኩ፣ አሁን ደግሞ እኔ ዝም ልበል ብል አልሆንልሽ አለኝ።

የቤት ውስጥ ዕቃ በረንዳ ላይ ማስቀመጥን በሚከለክለው ደንብ መሠረት፣ ሶፋዬ የፊታችን ቅዳሜ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ በከተማው የጭነት መኪና እንደሚወሰድ በወረቀት ተነግሮኛል። ደንቡ የወጣው የኮሌጁ ቡድን ባሸነፈ ቁጥር ልጆቹ ሶፋ አውጥተው መንገድ ላይ ስለሚያቃጥሉ ነው። ቡድናችን ካሸነፈ ዘጠኝ ዓመት ሆነው እንጂ ደንቡስ መልካም ነበር። ቅሬታዎቼን በትሕትና አቀርባለሁ።

፩. ስለ ቅኝትዎ ትጋት። ስድስት ፖሊስና አንድ የትራፊክ መብራት ባላት ከተማችን፣ ባለፈው ማክሰኞ መኪናዎ በቤቴ ፊት አሥራ አንድ ጊዜ ሲያልፍና አሥራ አንድ ጊዜ ሶፋዬን ፎቶ ሲያነሳ ቆጥሬያለሁ። ሶፋው አንድም ጊዜ ሊያመልጥ አልሞከረም። በዚያው ቀን ከጎረቤት በረንዳ ሁለት ብስክሌት ተሰረቀ፤ ሌባውን ከሶፋዬ ላይ ሆኜ አይቼ የደወልኩትም እኔው ነኝ። ስልኩን ያነሳችው ልጅ፣ እግዜር ይስጣት፣ «እማማ፣ አይስጉ፣ መኪናችን እዚያው እርስዎ ሰፈር ነው፤ ፎቶ እያነሳ ስለሆነ ትንሽ ይጠብቁ» አለችኝ። ለዚህ መስተንግዶ ምስጋናዬ ወደር የለውም።

፪. ስለ ሶፋው ራሱ። ተማሪዎቻችን በግንቦት ተመርቀው ሲሄዱ ዕቃቸውን መንገድ ዳር ትተው እንደሚሄዱ እርስዎም ያውቃሉ፤ በረንዳዎ ላይ ያለው ባለ ቆዳ ወንበርም ከዚያው የተገኘ ነው ይባላል። ሶፋውን አንስተው ያመጡልኝ የጎረቤት ተማሪዎች ናቸው፤ ይሄ ዳሌዬም ተቀምጬ እንድነሳ የሚፈቅድልኝ እሱ ላይ ብቻ ነው። እዚያ ስቀመጥ መንገደኛው ሁሉ «ሚስ ፕራት፣ እንዴት አደሩ!» ይለኛል፤ ፈተና የወደቀው ይነግረኛል፣ ፍቅር የያዘው ይነግረኛል፣ የተጣላውማ ሳልጠይቀው ነው የሚዘረግፈው። ሶፋው ከሄደ እኔ ከግድግዳ ጋር ሳወራ መዋሌ ነው፤ ይህ ደግሞ፣ ክቡር ሆይ፣ ያስፈራኛል።

፫. ይህኛው ስለ እርስዎ ወንበር ስለሆነ ለከተማው ምክር ቤት አቆይቼዋለሁ።

፬. ስለ ፖሊስ ዴልመር ኦስትራንደር ጨዋነት። ዛሬ ረፋድ ላይ ሜትር ይዞ መጥቶ «እማማ ሉሲንዳ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ታዝዤ ነው» ብሎ የሶፋውን ርዝመትም ወርድም ለካ። ከዚያ ቅጹን ለመሙላት አንድ አፍታ ሶፋው ላይ ልቀመጥ ብሎ ፈቃድ ጠየቀኝ፤ እኔም ሕግ አስከባሪን አላስቆምም።

ለከተማችን ሰላም እንቅልፍ አጥተው በሶፋዬ ዙሪያ ስለዋሉት ሰዎችዎ ደጋግሜ እያመሰገንኩ፣ ሳልነሳ እጅ የምነሳዎ፣

አክባሪዎ
ሉሲንዳ ፕራት
ከበረንዳዬ

ግልባጭ፦ ለፖስታ ቤቱ የማስታወቂያ ሰሌዳ

ማስታወሻ፦ ፖሊስ ኦስትራንደር ከተቀመጠ ይኸው ሁለት ሰዓት ሊሞላ ነው፤ ያንኮራፋል። «ዕቃው አገልግሎት ይሰጣል?» ከሚለው ጥያቄ ሲደርስ ነው እንቅልፍ የጣለው። ሬዲዮው ሦስት ጊዜ ሲጠራው «ቅኝት ላይ ነው» ብዬ እኔው መለስኩለት። እባክዎ እንዳይቆጡት፤ በቀን አሥራ አንድ ጊዜ መመላለስ ያደክማል። ተማሪዎቹም እንደ መኪናዎ ፎቶ አነሱት፣ አንድ ብቻ፣ ግን በጣም ጥርት ያለ። የኮሌጁ ጋዜጣ የሚወጣው ዓርብ ነው፤ ሶፋዬ የሚወሰደው ቅዳሜ። ሐሳብዎን ከቀየሩ እስከ ሐሙስ ብቅ ይበሉ፤ ሲመጡ ግን ጥሩምባ እንዳይነፉ፣ ሰው ተኝቷል።