ሳይሞከር የገባው ካርድ

ነሐሴ 28 ቀን 1979 ዓ.ም.፣ መካኒሳ

የመሥሪያ ቤታችን ኮምፒውተር ዛሬ አልነሣ አለ። ወጣቷ ፕሮግራም ጸሐፊያችን ፀሐይ ማሽኑን ራሱን የሚያንቀሳቅሰውን ዋና ፕሮግራም ለውጣው ነበር። ለውጡን የያዙትን ባለቀዳዳ ካርዶች ትናንት ለማሽኑ ያበላሁት እኔ ነኝ። ልጅቷ፣ «መጀመሪያ ለብቻው ልሞክረው፤ ከተበላሸ ሁሉም ነው የሚቆመው» ስትል ሰምቻለሁ። ጓድ ኃላፊያችንም፣ «የአብዮት በዓል ደርሶ የምን ሙከራ ነው? አስገቢው!» ሲላት ሰምቻለሁ። ከሦስታችን በቀር ማንም አልነበረም።

ዛሬ ሠራተኛው በተሰበሰበበት ያው ኃላፊያችን፣ «ይሄ ስህተት አይደለም፣ አሻጥር ነው!» አለ። በዚህች ቃል ስንቱ ሄዶ ቀርቷል። ፀሐይ ወደ እኔ ዞራ፣ «ጋሽ ወልዴ፣ እርስዎም እዚያው ነበሩ እኮ፤ ይንገሯቸው እንጂ» አለችኝ።

«እኔ ካርድ የማበላ ሰው፣ ስለ ፕሮግራም ምን አውቄ?» አልኩ። አንዳንዱ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ሰውዬው፣ «እንግዲያው ነገ በሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ይለያል» ብሎ በተነን።

ስመለስ አቦ ደጅ ቆሜ ተሳለምኩ፤ መግባቱ ግን ከበደኝ። ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ብትኖር «ታዲያ የተጠየቅኸው ስለ ፕሮግራም ነው እንዴ?» ትለኝ ነበር።

ሁልጊዜ ስጸልይ አፌን ከመናገር ጠብቅልኝ እላለሁ። ዛሬ ያቺን ልመና ዘለልኳት። ነገ ፀሐይ እንደገና ወደ እኔ ትዞራለች።